በተፍኪ ጥቁር ዐፈር ላይ የግድግዳ ቡፌ ስለ መሥራት

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ዓለም ገናንና ሰበታን ያለፈ መንገደኛ ጥቂት እንደ ሄደ ሰፊ ሜዳ ይቀበለዋል። ይህ የበቾ ሜዳ ነው። ተፍኪ በዚሁ ሜዳ ላይ መንገዱን ተከትላ የተሠራች ትንሽ ከተማ ናት። በክረምት አዋሽ ሲሞላ በአጠገቧ ያለው ረግረግ ባሕር መስሎ ይተኛል፤ በበጋ ደግሞ መሬቱ ደርቆ ይሰነጠቅና እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያወጣል። ጤፉ፥ ሽምብራውና ጓያው የሚበቅሉት በዚህ ጥቁር ዐፈር ላይ ነው። ቤቱም የሚሠራው በዚሁ ላይ ነው።

ዛሬ በተፍኪም ሆነ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው አቅሙ ከፈቀደ የመመገቢያውን ክፍል ለብቻው ይለይና በዚያ ክፍል የግድግዳ ቡፌ ማሠራት ይወዳል። የግድግዳ ቡፌ ማለቴ ከገበያ ተገዝቶ የሚቆመውን አይደለም፤ በቤቱ ልክ ተለክቶ፥ በሁለት ግድግዳ መካከል በሚገኝ ሥርጉድ ቦታ ውስጥ የሚገጠመውን የሳሕን፥ የብርጭቆና የቡና ዕቃ ማስቀመጫ ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ዓመት ሳይሞላው የሚበላሸው ብዙ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው አንድ ነገር ነው። የግድግዳ ቡፌ ከቤት ዕቃ ይልቅ የቤቱ አካል ስለ ሆነ፥ የሚሠራው ሰው እንጨቱን ብቻ ሳይሆን ከቤቱ በታች ያለውን ዐፈር ጭምር ማወቅ ይገባዋል። ለዚህም ምሳሌ የማደርገው በዘመዶቼ ቤት የደረሰውንና በኋላ የተሠራውን ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ተነሣ

የአባቴ እኅት፥ እኛ በአገራችን ቋንቋ «አዳዳ» የምንላቸው አክስቴ፥ በተፍኪ ከመንገዱ ዳር የጭቃ ቤት አላቸው። ግድግዳው የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ሆኖ በጭድ ጭቃ የተመረገ፥ ወለሉ ሲሚንቶ፥ ጣራው ቆርቆሮ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሁለት መኸር የጤፍና የሽምብራ ሽያጭ አጠራቅመው በመመገቢያው ክፍል የግድግዳ ቡፌ አሠሩ። ታላቋ ልጃቸው ለመዳር ደርሳ ነበርና፥ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳሕኑ ከአልጋ ሥር ከካርቶን እየተጎተተ እንዲወጣ አልፈለጉም።

አናጢው ሥራውን የፈጸመው በሚያዝያ ወር ነበር። የቡፌውን ሁለት ጐን ከግድግዳው ቋሚዎች ጋር በረጅም ሚስማር መታው፤ እግሩን በወለሉ ላይ አሳረፈው፤ በግድግዳውና በእንጨቱ መካከል የቀረውን ክፍተት በጀሶ ደፈነው። በሩ ከበሩ ጋር በጣም ተጠጋግቶ ስለ ገጠመ ሁላችንም አደነቅን። በሐምሌ የታችኞቹ በሮች አልከፈት አሉ። በነሐሴ የአንደኛው ላይኛ በር መስተዋት በማዕዘኑ በኩል ተሰነጠቀ። በጥር 2015 ዓ.ም. ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጀሶው ረገፈ፤ በሮቹም ላልተው አልዘጋ አሉ። በመጨረሻም አንድ ሌሊት መካከለኛው መደርደሪያ ከነጭነቱ ወረደ። ለሠርጉ ተብሎ ከተገዛው 24 ሳሕን 11 ተሰበረ።

አክስቴ ስብርባሪውን በሰፌድ እየለቀሙ፥ «ይህ የእንጨት ነገር አይደለም፤ ዐይን ነው» አሉ። አናጢው «እንጨቱ እርጥብ ነበር» አለ። ጎረቤቱ ደግሞ አናጢውን ወቀሰ። ሠርጉ በውሰት ሳሕን ተደገሰ።

እኔ በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ መላጊያና መሮ ይዤ ስለ ነበረ፥ ነገሩ ከአሳቤ አልወጣም። ኮሌጅ ገብቼ ስለ ዐፈር የሚሰጠውን ትምህርት ስከታተል ግን ማንም ያልጠረጠረው ሌላ ተከሳሽ እንዳለ ተረዳሁ። እርሱም ከወለሉ በታች ያለው መረሬ ነው።

ስለ መሬቱ

ይህ ጥቁር ዐፈር በአማርኛ መረሬ ወይም ዋልካ፥ በኦሮምኛ ኮቲቻ ይባላል፤ የዐፈር ሊቃውንት ቨርቲሶል ይሉታል። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት የያዘ ሲሆን፥ ከዚህ የሚበልጠው እጅ በደጋው አገር ይገኛል። ጠባዩ የሚመጣው ስሜክታይት ከሚባለው የሸክላ ማዕድን ነው። የዚህ ማዕድን ቅንጣት እንደ መጽሐፍ ገጽ በስስ በስሱ የተደራረበ ነው። ውሃ በገጾቹ መካከል ሲገባ ገጾቹ ይራራቃሉ፥ ዐፈሩም ያብጣል፤ ውሃው ሲወጣ ገጾቹ ይቀራረባሉ፥ ዐፈሩም ይኰማተራል። ገበሬው ይህን ጠባይ ሳይንሱ ሳይነገረው ያውቀዋል። ሽምብራውንና ጓያውን በክረምቱ መውጫ የሚዘራው ዐፈሩ ውሃ አምቆ እንደሚያቆይ ስለሚያውቅ ነው።

ለእርሻ የሚጠቅመው ይህ ጠባይ ለቤት ችግር ነው። ዐፈሩ በቤቱ ሥር ሁሉ እኩል ቢያብጥና እኩል ቢኰማተር ቤቱ በሙሉ ከፍ ዝቅ ይል ነበር እንጂ አይሰነጠቅም ነበር። የሚሆነው ግን እንዲህ አይደለም። ከቤቱ መካከል በታች ያለው ዐፈር ፀሐይም ዝናብም ስለማያገኘው እርጥበቱ ብዙም አይለወጥም። በውጭ ግድግዳ ሥር ያለው ግን በክረምት ይጠግባል፥ በበጋ ይደርቃል። ስለዚህ የውጭው ግድግዳ በክረምት ከፍ፥ በበጋ ዝቅ ሲል፥ መካከለኛው ወለል በቦታው ይቀራል ማለት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ በአክስቴ ቤት ቀላል መለኪያ አደረግሁ። ቡፌው በነበረበት ቦታ በውጭው ግድግዳ ላይ አንድ ሚስማር፥ በወለሉ ላይ ሌላ ሚስማር መትቼ፥ ከሰኔ 2015 ዓ.ም. እስከ ጥር 2016 ዓ.ም. ድረስ በየወሩ በሁለቱ መካከል ያለውን ከፍታ ለካሁ። ከሁሉ የሚበልጠውና ከሁሉ የሚያንሰው ልኬት በ8 ሚሊ ሜትር ተለያዩ። ከመሬት እንቅስቃሴ አንጻር 8 ሚሊ ሜትር ጥቂት ነው። በ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለተገጠመ በር ግን ብዙ ነው።

አሁን የመጀመሪያው ቡፌ ስሕተት ይገለጣል። ጐኑ በሚስማር ከግድግዳው ጋር ተያይዟል፤ እግሩ በወለሉ ላይ ቆሟል። ግድግዳው ወደ ላይ ሲጐትተው ወለሉ አልተከተለውም። አንደኛው ጐን ከግድግዳው ጋር ሲሄድ ሌላው በቦታው ስለ ቀረ፥ አራት ማዕዘን የነበረው ሣጥን ተንጋደደ፤ መስተዋቱ በማዕዘኑ ተሰነጠቀ፤ መደርደሪያውም ከተቀመጠበት መደገፊያ ሞራሌ ላይ ቀስ በቀስ ተንሸራቶ ወጣ። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንደሚባለው ነው።

ስለ እንጨቱ

አናጢው የተናገረውም ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ከአየሩ እርጥበት መቀበሉንና መመለሱን አይተውም። ከዕርጥበቱ ጋር የሚለወጠው ግን ስፋቱ ነው እንጂ ርዝመቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። እንደ አሰነጣጠቁ ይለያያል እንጂ፥ በብዙው እንጨት ዕርጥበቱ በ1 በመቶ ሲለወጥ የጣውላው ስፋት በ0.2 በመቶ ገደማ ይለወጣል። የአክስቴ ቡፌ የታችኛው በር 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወጥ ጣውላ ነበር። በሚያዝያና በሐምሌ መካከል የዕርጥበቱ ልዩነት 6 በመቶ ነው ብንል፥ በሩ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ሰፋ ማለት ነው። 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት የተተወለት በር እንዴት ይከፈታል?

ለዚህ የቆየው የአናጢዎች መፍትሔ ክፈፍ ያለው በር ነው። ዙሪያውን ጠባብ ክፈፍ ይሠራና በክፈፉ ውስጥ በኩል ቦይ ይወጣለታል፤ መካከለኛው ሰሌዳ በቦዩ ውስጥ ኮላም ሚስማርም ሳይነካው እንዲሁ ይገባል። ሰሌዳው ሲሰፋና ሲጠብ በቦዩ ውስጥ ይንቀሳቀሳል እንጂ በሩን አይገፋም። የሁለቱ ቋሚ ክፈፎች ስፋት እያንዳንዱ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ የበሩ ስፋት የሚለወጠው በ12 ሳንቲ ሜትር እንጨት ልክ ብቻ ነው። ይህም በተመሳሳይ ሒሳብ 1.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል።

የእንጨቱን ዐይነት በተመለከተ፥ ዋንዛ፥ ዝግባ፥ ጥድና ኮሶ በአገራችን ለጥሩ ዕቃ የታወቁ ናቸው። ነገር ግን እነዚህ ዛፎች እጅግ ስለ ተመናመኑ፥ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራቱም ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ይህም አዋጅ ከዚያ ወዲህ በሌሎች አዋጆች ተተክቷል። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ በየቦታው ስለሚገኝ ርካሽ ነው፤ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፥ ጫፉም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለበር ክፈፍ አይመረጥም። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ነገር ግን ጠርዛቸው ውሃ ከነካው ያብጣሉ፥ ካበጡም በኋላ አይመለሱም። ወለሉ በውሃ በሚታጠብበትና ሳሕን ሳይደርቅ በሚደረደርበት ቤት ይህ ከባድ ጉድለት ነው።

እኛ ለሣጥኑ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ መረጥን። ኮምፔንሳቶ ስስ ንጣፎች አንዱ በአንዱ ላይ እየተሻገሩ የተጣበቁበት ስለ ሆነ፥ አንዱ ንጣፍ ሊሰፋ ሲል ሌላው ይይዘዋል። ለክፈፉና ለመደርደሪያው ከፈረሰ አሮጌ ቤት የተገዛ የዝግባ ጣውላ ተጠቀምን። ብዙ ዓመት በቤት ውስጥ የቆየ እንጨት ስለ ነበረ ከደረቅነቱ በላይ ማድረቂያ አላስፈለገውም። ሚስማሩን መንቀል ግን ሁለት ቀን ወሰደ።

በቡፌው ውስጥ ስለሚቀመጠው

ብዙ ጊዜ የቡፌ መጠን የሚወሰነው በሌላ ሰው ቤት በታየው ቡፌ ነው። ትክክለኛው አካሄድ ግን በመጀመሪያ የሚቀመጠውን ዕቃ መዘርዘርና መለካት ነው። ከአክስቴ ጋር ዕቃውን ሁሉ በምንጣፍ ላይ አውጥተን ለካነው። ሳሕኑ 26 ሳንቲ ሜትር፥ ትልቁ ትሪ 60 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሲኒው፥ ረከቦቱ፥ የእጅ ማስታጠቢያው ሳፋና ማንቆርቆሪያው፥ አገልግሉ፥ ሌማቱ ሁሉ ተለካ። ሞሰቡ ቡፌ ውስጥ እንደማይገባ ታወቀ፤ ስለዚህ በአጠገቡ ቦታ ተወለት።

በመጀመሪያው ቡፌ ትሪው ከቶ ቦታ አልነበረውም። የታችኛው ክፍል ጥልቀት 45 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ፥ 60 ሳንቲ ሜትር ትሪ ተኝቶ ሊገባ አይችልም። ጥልቀቱን 60 ማድረግ ደግሞ ክፍሉን ያጠባል። መፍትሔው ትሪውን ማቆም ነው። ከታችኞቹ ሣጥኖች አንዱን ያለ መደርደሪያ ትተን፥ ትሪው ጀርባውን ለሣጥኑ ጀርባ ሰጥቶ እንዲቆም፥ ሳፋውና ማንቆርቆሪያው ደግሞ ከፊቱ እንዲቀመጡ አደረግን።

አክስቴ፥ «አንተ ልጄ፥ ለእንግዳ ዐይን ብቻ አትሥራልኝ፤ ለእጄም ይመቸኝ» ስላሉኝ፥ ቁመቱን የወሰነው እጃቸው ነው። ወደ ላይ ሲዘረጉ የሚደርሱት 1.85 ሜትር ነበር። በየቀኑ የሚወጣው የቡና ዕቃና ሳሕን ከ70 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ባለው ከፍታ መካከል ተመደበ፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የሚወጣው ወደ ላይ፥ ከባዱ ወደ ታች ሆነ። የታችኛው ክፍል ቁመት 88፥ ጥልቀቱ 45፥ የላይኛው ጥልቀት 32፥ ጠቅላላው ቁመት 230 ሳንቲ ሜትር ነው። ከላይ እስከ ኮርኒሱ 30 ሳንቲ ሜትር ባዶ ተተወ።

የመደርደሪያው ርዝመትም እንዲሁ በግምት አይወሰንም። ዕቃ በእኩል የተደረደረበት ጣውላ የሚጐብጠው በርዝመቱ አራተኛ ኃይል ልክ ነው። ይኸውም ርዝመቱ በእጥፍ ቢጨምር ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ በእጥፍ ቢጨምር ደግሞ ጉብጠቱ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። የወደቀው መደርደሪያ ርዝመቱ 120፥ ውፍረቱ 1.8 ሳንቲ ሜትር ነበር። አዲሱ ርዝመቱ 74.4፥ ውፍረቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው። በአንድ ዐይነት እንጨትና በእኩል አደራደር ቢታሰብ ጉብጠቱ ወደ 18ኛ እጅ ገደማ ይወርዳል።

ስለ አለካክ

የጭቃ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይገኝም። ስለዚህ ሥርጉዱን በአንድ ቦታ ለክቶ መሄድ ስሕተት ነው። በታች፥ በመካከልና በላይ ስንለካ 2.43፥ 2.40 እና 2.38 ሜትር አገኘን። በቱንቢ ሲታይ አንደኛው ግድግዳ ወደ ውስጥ አዘንብሏል፤ በውሃ ልክ ሲታይ ወለሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.5 ሳንቲ ሜትር ተዳፍቷል።

ደንቡ ትንሹን ልኬት መያዝ ነው። ከ2.38 ሜትር ላይ በግራና በቀኝ 2 ሳንቲ ሜትር ለግድግዳው መንቀሳቀሻ ሲቀነስ 2.34 ሜትር ይቀራል። ይህም ለሦስት እኩል ሲከፈል ለእያንዳንዱ ሣጥን 78 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

የለካንበትንም ወር መጻፍ ያስፈልጋል። በጥር የተሠራ በር ገና ይሰፋል፤ በሐምሌ የተሠራ ደግሞ ገና ይጠባል። ስለዚህ በበጋ የሚሠራ ሰው ክፍተቱን ሰፋ፥ በክረምት የሚሠራ ጠበብ ማድረግ አለበት።

ስለ አሠራርና ስለ አገጣጠም

ቡፌውን በየካቲት 2016 ዓ.ም. የሠሩት ሌላ ሽማግሌ አናጢ ናቸው፤ እኔም እረዳ ነበር። በመጀመሪያ ከግድግዳው ጋር አለመመታቱን ሲሰሙ፥ «የግድግዳ ቡፌ ከግድግዳ ካልተመታ ምኑን የግድግዳ ሆነ?» ብለው ሳቁ። የሚስማሮቹን ልኬት ካሳየኋቸው በኋላ ግን ከኔ የተሻለ አሳብ ያመጡት እርሳቸው ናቸው።

ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ተፈጸመ።

በመጀመሪያ ሦስቱ ሣጥኖች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ተሠሩ። የእያንዳንዱ ማዕዘን በስኳድራ ታየ፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያሉት ሁለት ሰያፍ ልኬቶችም እኩል መሆናቸው ተረጋገጠ። እኩል ካልሆኑ ሣጥኑ የተንጋደደ ነው።

ሁለተኛ፥ ከእያንዳንዱ ሣጥን በታች 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው፥ በብሎን ከፍና ዝቅ የሚሉ አራት እግሮች ተደረጉ። ይህ ወለሉ ሲታጠብ ውሃ እንጨቱን እንዳይነካ ይረዳል፤ ወለሉ ሲዛነፍም ብሎኑን በማዞር ሣጥኑን መልሶ ማስተካከል ይቻላል። ይህ የሽማግሌው አናጢ አሳብ ነው።

ሦስተኛ፥ ሦስቱ ሣጥኖች በቦታቸው ቆመው በውሃ ልክ ከተስተካከሉ በኋላ እርስ በርሳቸው በብሎን ተያያዙ። ከጀርባቸው እስከ ግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቀረ። አየር እንዲዘዋወር በጀርባው ሰሌዳ ላይ ቀዳዳዎች ተበሱ፤ ቀዳዳዎቹም በሽቦ ወንፊት ተሸፈኑ። የመረሬው ስንጥቅ የአይጥ መኖሪያ ስለ ሆነ፥ ወንፊቱ ባይኖር ቡፌው ለአይጥ ጎጆ በሆነ ነበር።

አራተኛ፥ ረጅም ቡፌ ሕፃን ቢንጠለጠልበት እንዳይወድቅ ከላይ ከግድግዳው ጋር መያዝ አለበት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መያዣ ብረቶቹ ወደ ላይና ወደ ታች የረዘመ የ3 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ አላቸው። ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ይንሸራተታል። ስለዚህ ግድግዳው ከፍ ዝቅ ሲል ቡፌውን አይጐትተውም፤ ቡፌው ወደ ፊት ሊወድቅ ቢል ግን ይይዘዋል። ክብደቱን የሚሸከመው ወለሉ ብቻ ነው።

አምስተኛ፥ በግራና በቀኝ የቀረው 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት በጀሶ አልተደፈነም። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን መሸፈኛ እንጨት በቡፌው ላይ ብቻ ተመታ፤ በግድግዳው በኩል ያለው ጠርዙ ግን እንዲሁ ተጠግቶ ቆመ። ከፊት ለሚያየው ቡፌው ከግድግዳው የበቀለ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን አልተነካካም።

በመጨረሻ ቫርኒሽ ተቀባ። ቫርኒሽ የሚቀባው በሚታየው ፊት ብቻ ሳይሆን በማይታየውም ፊት ነው። በአንድ ፊት ብቻ የተቀባ ጣውላ ዕርጥበትን የሚቀበለው በሌላው ፊት ስለ ሆነ ይጣመማል።

ከቤቱ ውጭ ስለሚሠራው ሥራ

ይህ ሁሉ ከሕመሙ ጋር ለመኖር የሚያስችል ነው እንጂ ሕመሙን አይፈውስም። የመሬቱን እንቅስቃሴ ለመቀነስ በቤቱ ዙሪያ ያለው ዕርጥበት በዓመቱ ውስጥ ብዙ እንዳይለዋወጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ለጣራው አሸንዳ ተገጠመለት፤ በግድግዳው ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት ያለው፥ ወደ ውጭ የሚያዘነብል የሲሚንቶ ንጣፍ ተሠራ፤ ውሃውም በቦይ ወደ መንገዱ ዳር ተመራ።

አስቸጋሪ የሆነው የባሕር ዛፉ ነገር ነው። ከመመገቢያው ክፍል ማዕዘን በ3 ሜትር ርቀት ላይ አራት ባሕር ዛፎች ነበሩ። ሥራቸው በበጋ ከግድግዳው ሥር ያለውን ዕርጥበት ይመጥጣል፤ ዐፈሩም የበለጠ ይኰማተራል። በእንዲህ ያለ ዐፈር ላይ ዛፍ ከቤት ቢያንስ የቁመቱን ያህል መራቅ አለበት። ለአክስቴ ግን እነዚህ ዛፎች የክፉ ቀን ገንዘብ ነበሩ። ብዙ ከተማከርን በኋላ ቆርጠው ሸጡአቸው፤ የሲሚንቶው ንጣፍ የተሠራውም በዚሁ ገንዘብ ነው። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ ስለሚያቈጠቍጥ ጉቶው ጭምር ተነቀለ።

ከሌላው የአገራችን ቤት ጋር ሲነጻጸር

በግድግዳ ውስጥ ዕቃ ማስቀመጥ ከውጭ የመጣ ልማድ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በገባችው በሐረር ጁገል፥ የቆየው የሐረሪ ቤት ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ አለው። በግድግዳው ውስጥ እየተፈለፈሉ የተሠሩ ሥርጉድ መደርደሪያዎች መጽሐፍና ዕቃ ይቀመጥባቸዋል፤ ሳሕኑና በቀለም ያማረው ስፌትም በግድግዳው ላይ ይሰቀላል። በዚያ ቤት መደርደሪያው ግድግዳው ራሱ ነው፤ ግድግዳው ቢንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

የተፍኪ የጭቃ ግድግዳ ቀጭን ስለ ሆነ እንዲህ ሊፈለፈል አይችልም። ስለዚህ የእኛ መደርደሪያ የግድ ከግድግዳው ተለይቶ በራሱ እግር መቆም አለበት። ሁለቱ አሠራሮች የተለያዩ ቢመስሉም፥ በሁለቱም ክብደቱን የሚሸከመው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቡፌ የፈረሰው ለግድግዳውም ለወለሉም በአንድ ጊዜ ስለ ተሰጠ ነበር።

መደምደሚያ

አዲሱ ቡፌ እስካሁን ሁለት ክረምት አሳልፏል። በሮቹ በሐምሌም በጥርም ይከፈታሉ፥ ይዘጋሉም። በመጀመሪያው ክረምት መጨረሻ የግራውን ሣጥን ሁለት እግሮች በብሎን ማስተካከል አስፈልጎ ነበር፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። በመሸፈኛው እንጨት ጠርዝ አጠገብ በግድግዳው ቀለም ላይ የፋቀው ቀጭን መሥመር፥ ግድግዳው አሁንም ከፍ ዝቅ እንደሚል ያሳያል። ቤቱ እንደ ቀድሞው ይንቀሳቀሳል፤ ቡፌው ግን አብሮ አይጐተትም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለተፍኪ ብቻ አይደለም። መረሬ ባለበት አገር ሁሉ ያው ችግር ይኖራል፤ ቀይ ዐፈር ባለበት ግን ማዕድኑ ሌላ ስለ ሆነ የማበጡ መጠን ያንሳል። ስለዚህ ቡፌ ማሠራት የሚፈልግ ሰው ለአናጢው ከሁሉ አስቀድሞ ሊነግረው የሚገባ ነገር፥ በክረምትና በበጋ በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚታየው ስንጥቅ ምን ያህል እንደሚሰፋና እንደሚጠብ ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ሚስማርና አንድ ማስመሪያ ይበቃል። በየከተማው ዘመድ ያላችሁ ተማሪዎች ይህንኑ ብትለኩና ብትጽፉ፥ ለአናጢዎቻችን የሚጠቅም ሠንጠረዥ ልናዘጋጅ እንችላለን።

ከ24ቱ የተረፉት 13 ሳሕኖች አሁን በሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ናቸው። አክስቴ የጐደሉትን 11 ገና አልተኩም፤ በዘንድሮው ጥር የሁለተኛዋ ልጃቸው ሽማግሌዎች ሲመጡ ግን ቡናው የቀረበው ከዚሁ ቡፌ በወጣ ሲኒ ነው።